የተራራ ፎቶግራፍና ምስክርነቱ

ፎቶግራፍ አንሺው ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ የሚገኘውን የቅዱስ መስቀል ተራራ አነሣ። በተራራው ገጽ ያለው የዓለት ስንጥቅ በረዶ ሲሞላበት መስቀል ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ የመስተዋቱ ሰሌዳ መድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ ሥዕሉ ተነሥቶበት መታጠብ ስለ ነበረበት፥ ከከባዱ መሣሪያ ጋር ጨለማ ድንኳንም ወደ ከፍታው ይወጣ ነበር። ድካሙ ከንቱ አልነበረም፤ ትልቅ ሰሌዳ፥ ዛሬም ትልቅ ፊልም፥ የዓለቱን ስንጥቅ ሁሉ አጥርቶ ይይዛልና። ይኸው ሰው በ1871 ዓ.ም. ያነሣቸው የየሎውስቶን ሥዕሎችም ምክር ቤቱ በሚከተለው ዓመት ስፍራውን በሕግ እንዲያስጠብቅ ረድተዋል።

ነገር ግን የመስቀሉ አንድ ክንድ ጎደል ያለ ስለ ነበረ፥ ኋላ በታተሙት አንዳንድ ሥዕሎች ላይ በእጅ ተስተካክሏል። ምናልባት ምእመናንን ደስ ለማሰኘት ታስቦ ይሆናል። ሆኖም የጥንት መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ከራሱ ቃል ቢጨምር እንደሚነቀፍ ሁሉ ይህም ሊነቀፍ ይገባዋል፤ በረዶው የሠራው ጎደሎ መስቀል ይበቃ ነበርና። ዛሬ የዓለቱን መናድ ለመመርመር የድሮውን ሥዕል ከአዲሱ ጋር የሚያስተያይ ሰው፥ የትኛው ክንድ የበረዶው፥ የትኛው የብሩሹ እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት ግድ ይሆንበታል።