ደረቁ ወረቀት ለምን ቀለሙን አይቀይርም?

ልጆች ከኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ይዘውት ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ ሰማያዊውን የሊትመስ ወረቀት አሲዳማ ጋዝ ውስጥ ከማስገባታችን በፊት በውኃ የምናረጥበው ለምንድን ነው? «መምህሩ ስላሉ» የሚለው መልስ አያጠግብም።

ወረቀቱን የሚያቀላው ጋዙ ራሱ ሳይሆን ሃይድሮጅን አዮን ነው። ሃይድሮጅን ክሎራይድን እንውሰድ። በደረቅ አየር ውስጥ ሃይድሮጅኑና ክሎሪኑ እንደተጣበቁ ይቆያሉ። ውኃ ሲያገኙ ግን ይለያያሉ፤ ወረቀቱም ይቀላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ደግሞ ጭራሹኑ ሃይድሮጅን የላቸውም። አሲድ የሚሆኑት ከውኃ ጋር ሲዋሃዱ ነው።

ነገሩ የፈተና ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላነሳውም ነበር። ዓይናችን፣ አፍንጫችን፣ ጉሮሯችንና ሳንባችን ሁልጊዜ እርጥብ ናቸው። በጋዝ ፊት እኛም እንደ እርጥቡ ወረቀት ነን ማለት ነው።

«ይበልጥ እንዲያጸዳ» ተብሎ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ላይ የሚፈስባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ከድብልቁ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ክሎሪን እርጥብ ሰማያዊ ሊትመስን መጀመሪያ ያቀላዋል፤ ቀጥሎ ቀለሙን አጥፍቶ ነጭ ያደርገዋል። ከውኃ ጋር ሲገናኝ ሁለት አሲዶች ይፈጥራልና፦ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ቀለም የሚያጠፋው ሃይፖክሎረስ አሲድ። ይኸው ሥራ በሳንባ ውስጥ ሲሠራ ማሰብ ነው! አቼቶም ሆነ ሎሚ ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም እንዲሁ፤ እሱ ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ክሎሪን ከአየር 2.5 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይተኛል። ቀድሞ የሚያገኘው ጎንበስ ብላ የምታጸዳውን ሴትና በአጠገቧ የሚድኸውን ሕፃን ነው። የብዙዎቹ ማጽጃዎች ማስጠንቀቂያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ያሳስበኛል። በቤትዎ የምታግዝ ልጅ ካለች ቁጭ ብለው በአማርኛ ያስረዷት፤ በረኪናውንና አሲዱንም በተለያየ ቦታ ያስቀምጡ።

ድንገት ከተደባለቀና ሽታው ካፈነዎ ሊያጥቡት አይሞክሩ። ሁሉንም ትተው ልጆቹን ይዘው ንጹሕ አየር ወዳለበት ይውጡ። የሚያቃጥል ዓይን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ የሳንባ ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል።