ፕሌትሌትም ቀጠሮ ይኑረው

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የልብ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሕፃናት የደም አቅርቦትን ይመለከታል

የተከበሩ ሚኒስትር፣

ሕፃን ልቡ ተጠግኖ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ እኛ ነርሶች መጀመሪያ የምናየው ከደረቱ የወጣውን ቱቦ ነው። ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደወረደ በየሰዓቱ ከጠርሙሱ ላይ አንብበን እንመዘግባለን። 5 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ያለው ደም በጠቅላላው 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ እንኳ አይሞላም። የሚወርደው ደም ድንገት ሲቆም ወላጅ «ተመስገን» ይላል፣ እኛ ግን እንደነግጣለን። ደሙ ቱቦው ውስጥ ረግቶ መውጫውን ዘግቶ፣ ልቡን ዙሪያውን እያስጨነቀው ሊሆን ይችላልና።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ በሚተካው ማሽን ውስጥ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት ይሰጣል፤ በመጨረሻ በፕሮታሚን ይመክናል። በዚህ ግን አያበቃም። ማሽኑን የሚሞላው ፈሳሽ የሕፃኑን ጥቂት ደም ያቀጥነዋል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌትም በማሽኑ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይደክማል። ከንፈርና ጥፍራቸው የሚጠቁር ልጆች ደግሞ ቀድሞውንም የደማቸው አረጋግ የተዛባ ነው።

እዚህ ላይ ቀይ ደም ብቻውን አያድንም። ቀይ የደም ሴል ፍሪጅ ውስጥ 35 ቀን ያህል ይቆያል፣ ፕላዝማ በረዶ ሆኖ እስከ ዓመት። ፕሌትሌት ግን በክፍል ሙቀት እየተወዘወዘ ዕድሜው 5 ቀን ነው። የደም ባንኩ ከቀይ መስቀል ወደ መንግሥት ከዞረ ወዲህ ከዘመድ ምትክ ወደ በጎ ፈቃድ ልገሳ መሻገራችን ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም። ሆኖም እሑድ በዘመቻ የተለገሰ ደም ፕሌትሌቱ ለዚያው ሳምንት ዓርብ ቢደርስ ነው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ተረኛ አይሆንም። ክረምት ገብቶ ተማሪ ሲበተን ደግሞ ለጋሽ ይሳሳል። አጎት እጅጌውን ጠቅልሎ ቢቆም እንኳ ደሙ እስኪመረመርና እስኪለይ ሌሊቱ ያልፋል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የቀዶ ሕክምና ተረኛ ሕፃናት ስም አስቀድሞ ይታወቃል። የደም ባንኩ መርሐ ግብሩን በእጁ ይያዝ፤ በደም ዓይነት የተመዘገቡ ቋሚ ለጋሾችን ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በስልክ ይጥራ። ለዚህ ሕንፃ አያስፈልግም፤ መዝገብ፣ ስልክና ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው ይበቃል። ከፕላዝማ የሚለየው ደም አርጊ ክፍል፣ ክራዮ፣ በረዶ ሆኖ ስለሚቆይ እሱን ቀድሞ ላለማዘጋጀት ሰበብ የለም። የደም መርጋት ምርመራም ሌሊትና በዓል ይሠራ፤ ልጅ የሚደማው በሥራ ሰዓት ብቻ አይደለም።

የሚመለከተው ክፍል የሚጀምርበትን ቀን ቢያሳውቀን የተረኞቹን ዝርዝር ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር
የሕፃናት ልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ