የሒሳብ ውጤት የት ላይ ይላላ?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአንድ ተማሪ የሒሳብ ውጤት ከመቶ የሚሞላው ከየአቅጣጫው ተለቃቅሞ ነው፤ ከቴስት፣ ከአሳይመንት፣ ከግሩፕ ወርክ፣ ከሚድና ከፋይናል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የተስፋፋው ይህ ተከታታይ ምዘና የታሰበው ተማሪው የት ላይ እንደተሰናከለ ቶሎ ታውቆ እንዲታገዝ ነበር። በብዙ ክፍሎች ግን ምዘናው ተከታታይ ሆነ እንጂ እገዛው አልተከተለም። ቴስት ይታረማል፣ ነጥብ ይመዘገባል፣ መምህሩም ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል።

ሒሳብ ግን ያለፈውን ትቶ ለመቀጠል አይመችም። 9ኛ ክፍል ሳለ የኤክስፖነንት ሕግ ያልገባው ልጅ 10ኛ ክፍል ሎጋሪዝም ሲደርስ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። ከዚህ ላይ የውጤት አሰጣጡ ሌላ ሸክም ይጨምርበታል። በኅዳር ቴስት ከ10 ሁለት ያገኘ ልጅ በታኅሣሥ አጥንቶ ያንኑ ጥያቄ በሚገባ ቢሠራው እንኳ መዝገቡ ላይ ያለው 2 ነው። የቀሩት 8 ነጥቦች ሄደዋል። ካርዱ ጥር ላይ የሚናገረው ልጁ ዛሬ የሚያውቀውን ሳይሆን ኅዳር ላይ ያላወቀውን ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ የምትገኘው ላንቴ ጉዳዩን በቅርብ ለማየት ትመቻለች። አካባቢው ቆላ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ወባ ይበረታል። ኑሮውም በአብዛኛው በሙዝ ነውና የሙዝ ሥራ ሲበዛ ልጅም ያግዛል። በወባ ሳምንት ተኝቶ የከረመ ተማሪ ሲመለስ ሁለት ነገር ይጠብቀዋል፤ ያልተማረው ትምህርትና በስሙ አንጻር የተጻፈ ዜሮ። ያ ዜሮ የሚለካው መቅረቱን እንጂ ሒሳቡን አይደለም።

የቋንቋው ነገር ከዚህም ይከፋል። የላንቴ ልጅ ቤት ውስጥ ጋሞኛ፣ ከመንደር ወጣ ሲል አማርኛ ይናገራል፤ ሒሳቡ የሚመጣለት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስሌቱን እየቻለ በዓረፍተ ነገር የቀረበውን ጥያቄ ማንበብ አቅቶት የሚወድቅ ጥቂት አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ አሠራሩን በቃል፣ በሚቀናው ቋንቋ እንዲያስረዳ ዕድል መስጠት ተገቢ ማላላት ነው። ብሔራዊ ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑ ስለማይቀር ግን ማላላቱ እስከ 12ኛ ክፍል ሊቀጥል አይገባም።

ነጥብ ማላላት ሲባል ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያውቁት ሌላውን ዓይነት ነው፦ ደብተር ለያዘ 5፣ ለተሳትፎ 5፣ በቡድን ሥራ አንዱ ጎበዝ ለሠራው አሳይመንት ለሁሉም እኩል ውጤት። ደግነት ይመስላል፤ መምህሩንም ከወላጅና ከርእሰ መምህር ጭቅጭቅ ያድናል። ጉዳቱ የሚታየው ግን ብሔራዊ ፈተና ላይ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የመምህር አቅም አለ፣ ጦርነትም ነበረ። ያም ሆኖ እነዚያ ልጆች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በካርድ እያለፉ የመጡ ናቸው። የተለገሰ ነጥብ ተማሪውን የጎዳው ችግሩን እስከ መጨረሻው ቀን ስለደበቀለት ነው።

እንግዲህ መላላት ያለበት ጊዜውና የሙከራው ብዛት እንጂ የሚጠየቀው እውቀት አይደለም። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉም በ1968 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብም ይኸው ነበር፦ ደረጃው ለሁሉም አንድ ይሁን፣ እዚያ ለመድረስ የሚሰጠው ጊዜ ግን ይለያይ። የአቅም ማሻሻያ፣ በተለምዶ ሬሜዲያል የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መርሐ ግብርም መሠረቱ ሁለተኛ ዕድል መስጠት ነው። የሚያስቆጨው ዕድሉ የሚመጣው ከ12ኛ ክፍል በኋላ፣ ጉድጓዱ ከጠለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ለማድረግ ሕግ መለወጥ አያስፈልግም፤ የሒሳብ ክፍል መምህራን ሴሚስተሩ ሳይጀመር ቢስማሙ ይበቃል። በቴስት ከግማሽ በታች ያመጣ ተማሪ ስሕተቱን በጽሑፍ አርሞ፣ ቅዳሜ ቲቶሪያል ገብቶ፣ በሌሎች ጥያቄዎች እንደገና ይፈተናል፤ አዲሱ ውጤት የድሮውን ይተካል። አማካይ ማውጣት ቅጣቱን በግማሽ ማስቀጠል ነውና አይጠቅምም። በሕመም የቀረም ዜሮ ሳይሆን ባዶ ቦታ ይያዝለታል፤ ቀን ተቆርጦለትም ይፈተናል። የደብተርና የቡድን ነጥብ ከ5 ባይበልጥ ይመረጣል። ፋይናሉ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ አይደገምም።

ትልቁ እንቅፋት የመምህሩ ሸክም ነው። አምስት ክፍል የሚያስተምርና በየክፍሉ 60 ተማሪ ያለው መምህር 300 ወረቀት ያርማል፤ በዚያ ላይ ድጋሚ ፈተና ሲጨመር በነጻ ሊጠበቅበት አይገባም። ድጋሚውን በሴሚስተር ለሁለት ምዕራፎች ብቻ መወሰን፣ ቅዳሜ የሚያስተምርበትንና የሚያርምበትን ሰዓት በክፍለ ጊዜው ውስጥ መቁጠር ወይም መክፈል የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድርሻ ነው።