ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራው የት ሄደ?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች «ለ15 ቀን» ተዘጉ ተባልን። ልጆች ወደ ክፍል መመለስ የጀመሩት ግን ጥቅምት 2013 ላይ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ መማሪያ ብቻ አይደለም፤ ልጅ የሚውልበት፣ ምገባ ካለም ምሳ የሚበላበት ነው። በሩ ሲዘጋ ይህ ሁሉ ሥራ አልጠፋም። ወደ ቤት ገባ፣ ያውም በነፃ።

ኢኮኖሚክስ ስማር ጂዲፒ ያልተከፈለበትን የቤት ውስጥ ሥራ እንደማይቆጥር ተምሬያለሁ። በኮሮና ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ትምህርቱ በቴሌግራም ይላካል፤ ሦስት ልጅ ባለበት ቤት ስማርት ስልኩ አንድ ነው። ተራ የምታስይዘው፣ የምታስጠናው፣ ወጥ የምትሠራው ታላቅ እህት ናት። የራሷ ትምህርት ወረፋው መጨረሻ ላይ።

መንግሥት ምንም አላደረገም አልልም። የአስቸኳይ ጊዜ ሕጉ ተከራይ ማስወጣትንና ሠራተኛ ማሰናበትን ከልክሏል። ጥሩ ነው። ግን ሰው ቤት ልብስ አጥባ የምታድር እናት ምን ውል አላት? «አትምጪ» ተባለች፣ አለቀ። አባትስ? በአዋጅ 1156/2011 ልጅ ሲወለድለት የሚያገኘው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው። ሕጉም «ልጅ የእናት ጉዳይ ነው» ያለ ይመስላል።

ያኔ «ብሩን በምን እናድርስ?» ማለት ይቻል ነበር፤ ቴሌብር የመጣው ግንቦት 2013 ነው። ዛሬ በተራ ስልክም ይሠራል። ስለዚህ ወረዳዎች የቀን ሠራተኛ እናቶችን ከአሁኑ ይመዝግቡ፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የልጆቹ የምሳ ብር በዚያው ሳምንት ይላክላቸው። ቀጣዩ ወረርሽኝ እስኪመጣ ከጠበቅን ሒሳቡን የምትከፍለው ያቺው እህታችን ናት።