«ፍሬን በጠሰ» መልስ አይደለም

ዜናው ሁሌም በአንድ ቅርጽ ይመጣል። ተሽከርካሪው ተሳፋሪ ወይም ጭነት ይዞ ሲጓዝ ቁልቁለት ላይ «ፍሬን በጥሶ» ተገለበጠ። ይህን ያህል ሰው ሞተ፣ ይህን ያህል ቆሰለ፣ ንብረት ወደመ። የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊው አሽከርካሪዎች እንዲጠነቀቁ አሳሰቡ። ከዜናው ሥር «ነፍስ ይማር» ይደረደራል። በማግስቱ ሌላ ዜና።

በዚህ ሁሉ መሐል የማይጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ ፍሬኑ ለምን በጠሰ?

የማይጠየቀው አባባሉ ራሱ መልስ ስለሚመስል ነው። መብረቅ መታው፣ ጎርፍ ወሰደው እንደማለት። ማንም ያልሠራው፣ ማንም የማይጠየቅበት ነገር ይሆናል። ፍሬን ግን እንዲህ በድንገት የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለሳምንታትና ለወራት እየታመመ፣ እየጮኸ፣ እየጋለ፣ እየሸተተ ነው የሚሞተው። ጩኸቱን የሰማ ሰው አለ። ሰምቶ ያለፈበት ምክንያትም አለ። ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

መሐል ሜዳን ማየት ይበቃል። የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ነው። ከዚያ የሚነሳ መኪና በሞላሌ አድርጎ ጣርማበር ላይ ከአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ጋር ይገናኛል። ወደ ደብረ ብርሃን የሚታጠፈው ደጋ ለደጋ ይቀጥላል። ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄደው ግን ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ይዞ፣ በጠመዝማዛው ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ተጉዟል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ ሒሳብ ያሳያል። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢቀየር ሁለት በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ ከወረደ ብዙውን ሞተሩ ይሸከምለታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ከለቀቀው ግን አብዛኛው የሚያርፈው በፍሬን ሸራውና በታምቡሩ ላይ ነው።

ከመጠን በላይ የጋለ ሸራ መያዝ ያቅተዋል። ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። በዘይት በሚሠራ ፍሬን ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። «ዶት 3» የሚባለው ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ይህ ወሰን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ጎማው ግን አይሰማም። አሽከርካሪው «ፍሬን በጠሰብኝ» ይላል። ምንም የተበጠሰ ነገር ግን የለም። ያልተቀየረ ዘይት፣ ያለቀ ሸራና ያልተስተካከለ ፍሬን ነው ያለው።

በአየር ፍሬን የሚሠሩት ዘመናዊ ከባድ መኪኖች ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርጉታል። አየሩ ቢያልቅባቸው ጎማውን አፍኖ የሚይዝ ጠንካራ ሞላ ተገጥሞላቸዋል። አየር ሲያጡ እንዲቆሙ እንጂ እንዲበሩ አልተሠሩም። እንዲህ ያለ መኪና ቁልቁለት ላይ አልቆም ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሸራው ውፍረትና የፍሬኑ አስተካከል ነው።

ከፍሬኑም በላይ የተረሳ አንድ ዕቃ አለ፤ ኩሽኔታ። በብዙ የጭነት መኪናና ተሳቢ ጎማ ውስጥ ሁለት ሁለት ኩሽኔታ አለ። የመኪናው ክብደት ሁሉ የሚሽከረከረው በእነሱ ላይ ነው። ምግባቸው ግራሶ ነው። ግራሶው ሲያረጅ ወይም ውሃ ሲገባበት ብረት ብረትን መብላት ይጀምራል። የክረምት ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ይህን በደንብ ያውቀዋል። የጋለ ጎማ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ተኮማትሮ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ግራሶውን አፍኖ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ካረጀ ደግሞ ግራሶው ወደ ውጭ ፈስሶ የፍሬን ሸራውን ይቀባዋል። ያን ጊዜ የኩሽኔታ በሽታ የፍሬን በሽታ ሆነ ማለት ነው። ሸራውን ብቻ ቀይሮ የሚሸኝ መካኒክ በሽታውን ሳይሆን ምልክቱን ነው ያከመው።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። መኪናው ጥቂት መንገድ ሄዶ ሲቆም የእጅን ጀርባ ወደየጎማው እምብርት ማስጠጋት ይበቃል። ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ካለ ወይ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ወይ ኩሽኔታው እየተበላ ነው። ቁልቁለት ወርዶ ቀዝቃዛ ሆኖ የተገኘ ጎማ ደግሞ ሥራ የፈታ ፍሬን አለው፤ ድርሻውን ሌሎቹ እየተሸከሙለት ነው። ቀጥሎ ጎማውን በክሪክ ማንሳት፣ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ፣ በእጅ አሽከርክሮ ማዳመጥ ነው። የሚንቋቋ ወይም የሚያጉረመርም ከሆነ ይፈታል። ኩሽኔታው ይታጠባል፣ ይታያል። በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ወይም ተቦርቡሮ ከተገኘ ይጣላል። ደህና ከሆነ አዲስ ግራሶ ጠጥቶ ይመለሳል፤ የጎማ ቀለበቱም በአዲስ ይቀየራል። ዳዶው እስኪያንቅ አይጠብቅም፣ እስኪወላወልም አይላላም። ሥራው ከጥቂት ሰዓታት አያልፍም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ንጽጽር አለ። አሜሪካ ውስጥ ቤተሰብ ለሽርሽር ከመኪናው ኋላ የሚጎትተው ተሳቢ ቤት አለ። ብዙዎቹ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ መንገድ የሚወጡ፣ ሲጎተቱ ሰው የማይሳፈርባቸው ናቸው። ሆኖም የአክሰል አምራቾች ኩሽኔታቸው በየ12 ወሩ ወይም በየ12,000 ማይሉ ተፈትቶ እንዲታይና ግራሶ እንዲቀየርለት ያዝዛሉ። 12,000 ማይል ወደ 19,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመንዝ በግና ገብስ፣ ከአዲስ አበባ ሲሚንቶና ሸቀጥ እያመላለሰ የሚኖር መኪና ይህን ርቀት በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል። የእሱ ኩሽኔታ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈታው ሲጮህ ነው፤ አንዳንዴም ጎማው ራሱ ወጥቶ ሲሄድ።

ታዲያ ጩኸቱን ሰምቶ የሚያልፈው ማነው?

ረዳቱ ይሰማል፤ መኪና የማቆም ሥልጣን የለውም። አሽከርካሪው ይሰማል፤ ብዙው የሚከፈለው በቢያጆ ነው። መኪናው ጋራዥ የዋለበት ቀን ለእሱ እንጀራ የሌለበት ቀን ነው። ከክሪክ ላይ ወርዶ ገደል ዳር የሚቆመው እሱ ሆኖ ሳለ የጥገናው ውሳኔ ግን የእሱ አይደለም። ውሳኔው ያለው ሌላ ከተማ በስልክ ከሚያዝዘው ባለንብረት ዘንድ ነው። ባለንብረቱም «ይቺን አንድ ቢያጆ አድርሳትና እናያለን» ይላል። ያቺ አንድ ቢያጆ ናት በዜና የምትሰማው።

ባለንብረቱም ቢሆን ከሜዳ ተነስቶ ጨካኝ የሆነ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። እውነተኛው ኩሽኔታ ሲወደድ በተመሳሳይ ካርቶን ተጠቅልሎ የሚሸጠው አስመሳይ ገበያውን ይይዛል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት አለ። መንገድ ይዘጋል፣ ጭነትና ተሳፋሪ ይጠራቀማል። መንገዱ የተከፈተ ቀን ሁሉም ከልክ በላይ ጭኖ ይሮጣል። በዚያ ቀን ጎማ ፈትቶ ኩሽኔታ የሚያጥብ የለም።

መንግሥትስ? አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ሁሉ እየተመረመረ እንዲሄድ ያስገድዳል። ቦሎ የሚለጠፈውም መኪናው ተመርምሯል ለማለት ነው። ነገር ግን የፍሬን መመርመሪያ ማሽን የሚለካው ብዙውን ጊዜ ባዶ መኪናን፣ በቀዘቀዘ ፍሬን፣ በሜዳ ላይ ነው። ጣርማበር የሚጠብቀው የተጫነ መኪና፣ የጋለ ፍሬንና ቁልቁለት ነው። ለምርመራው ቀን ብቻ የተሻለ ጎማ ተውሶ ማሰርም በሹፌሮች ዘንድ የአደባባይ ምስጢር ነው። በዓመት አንድ ቀን ጤነኛ መሆን ከበቃ የቀሩት 364 ቀናት የማን ናቸው?

«ዋናው ችግር አሽከርካሪው ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ፍጥነት፣ ጫት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በዜሮ ማርሽ መውረድ። ይህ ሐሰት አይደለም። በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው የሰው ነፍስ ይዞ ቁማር ይጫወታል፤ ሊቀጣ ይገባል። ነገር ግን ሁሉንም በአሽከርካሪው ላይ መደምደም ለሌሎቹ ሁሉ ምቹ ነው። የሞተ አሽከርካሪ አይከራከርም። ባለንብረቱ የመድን ካሳውን ይጠይቃል፣ አስመሳይ ኩሽኔታ የሸጠው ሱቁን ከፍቶ ይውላል፣ የመርማሪው ማኅተም አይነካም። ሕዝቡም ቀዩን ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰይሞ ብረቱን ይረግማል። ብረት ስም ስለወጣለት አይታረምም።

ይህች አገር ግን ሌላ መንገድ እንዳለ ታውቃለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ ያንን አልተቀበለችም። መረጃው ይመርመር፣ ማሽኑ ይታይ አለች። ምርመራው አውሮፕላኑን በራሱ ፈቃድ አፍንጫውን ወደ ታች ወደሚደፋ ሥርዓትና የተሳሳተ መረጃ ወደሚሰጠው ጠቋሚ መራ። የዚያ ሞዴል አውሮፕላኖች በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገዱ፣ ተስተካከሉ። «የአብራሪው ስህተት» የሚለውን ቃል እንደ መልስ አልቀበልም ያለች አገር «ፍሬን በጠሰ» የሚለውን በየሳምንቱ የምትቀበለው ለምንድነው? የሰማይ ተሳፋሪ ነፍስ ከመሐል ሜዳ መናኸሪያ በንጋት ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ከሚሳፈረው ገበሬ ነፍስ ይበልጣል?

ስለዚህ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ።

1. ከአደጋ በኋላ የሚወጣ መግለጫ «ፍሬን በጥሶ» ብሎ አይብቃ። የትኛው ጎማ? ሸራው ምን ያህል ቀርቶት ነበር? ኩሽኔታው መጨረሻ የተፈታው መቼ ነው? ጥገና እንደሚያስፈልግ የተነገረው ማን ነበር? መልሱ ለሕዝብ ይገለጽ።

2. እያንዳንዱ የሕዝብና የጭነት መኪና የፍሬንና የኩሽኔታ መዝገብ ይኑረው። የፈታው መካኒክ በስሙ ይፈርምበት። ያለዚያ መዝገብ ቦሎ አይሰጥ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግድ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም አይታደስ። ካሳ የሚከፍለው መድን ድርጅት ኩሽኔታን ከማንም በላይ መጠየቅ የሚገባው ነው።

3. ከጣርማበር ቁልቁለት በፊት የግዴታ ማቆሚያ ይኑር። በአሜሪካ ተራራማ መንገዶች ላይ የጭነት መኪኖች ከቁልቁለት በፊት ቆመው ፍሬን የሚፈትሹበት ቦታ አለ። አሥር ደቂቃ መቆም፣ እጅን ወደ ጎማ ማስጠጋት፣ ማርሽ ቀንሶ መውረድ። ይህ የዶላር ጥያቄ አይደለም።

4. የፍሬንና የኩሽኔታ ዕቃ በውጭ ምንዛሪና በቀረጥ ቅድሚያ ይሰጠው። አስመሳዩን የሚሸጥ ነጋዴ አስመሳይ መድኃኒት እንደሚሸጥ ሰው ይታይ።

5. ጥገና እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ ያሳወቀ አሽከርካሪ ጉዞ እንቢ በማለቱ ከሥራ አይባረር። አሳውቆ የተገደደ ከሆነ ደግሞ ተጠያቂው ያስገደደው ይሁን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እስከ ዛሬ የነበረው አሠራር ይኸው ነው፤ ጩኸቱ የሚሰማው ሬሳ ከተነሳ በኋላ ነው። የሚያስቆጨው ግን ኩሽኔታ ከጅብ የተለየ መሆኑ ነው። ኩሽኔታ ከመምጣቱ በፊት ይጮኻል። ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ፣ ከሞላሌ እስከ ጣርማበር እያጉረመረመ ይሄዳል። ረዳቱ ይሰማዋል፣ አሽከርካሪው ይሰማዋል፣ ከኋላ ወንበር ያሉት ተሳፋሪዎችም ይሰሙታል።

ከእንግዲህ «ፍሬን በጠሰ» የሚል ዜና ሲመጣ ከሥሩ ነፍስ ይማር ብቻ ተብሎ አይታለፍ። «ማን ሰምቶ ዝም አለ?» ተብሎ ይጠየቅ።