ልጁ ሰሌዳውን ያያል ወይ?

የልጆችና የስልክ ጉዳይ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ምግባር ይሄዳል። «አይሰሙም፣ ሰው አያከብሩም» እንባባላለን። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየውና ዛሬ ስለ ዓይን እናውራ።

የጎረቤቴ ልጅ 4ኛ ክፍል ነው። አምና ከ1 እስከ 5 ይወጣ ነበር፤ ዘንድሮ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ ደረጃው አሽቆለቆለ። መምህርቷ «ይፈዛል፤ ከሰሌዳ አይገለብጥም፤ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር ላይ ነው የሚጽፈው» አሉ። ቤት ውስጥ ሰነፍ ተባለ፣ ተቆጡት፣ ኳስ ተከለከለ። በኋላ አክስቱ ጠርጥራ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ለካ ልጁ ከሩቅ አያይም! መነጽሩን አድርጎ ሲወጣ «የዛፍ ቅጠል ከሩቅም ለየብቻው ይታያል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

ሐኪሙ ጥፋቱ የስልክ ብቻ ነው አላሉም። በዘርም ይመጣል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የልጅ ዓይን ከሰውነቱ ጋር ያድጋል። ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ሲረዝም የሩቁ ምስል ሬቲና ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ያርፋል፤ ያኔ የቅርቡ ይጠራል፣ የሩቁ ይደበዝዛል። አንዴ የረዘመ ዓይን ደግሞ ተመልሶ አያጥርም። መነጽር እይታውን ያስተካክላል እንጂ ዓይኑን ወደነበረበት አይመልሰውም። ለረጅም ሰዓት ቅርብ ቅርቡን ማየት ይህን ያባብሳል። መጽሐፍም ቅርብ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን መጽሐፍ ይዞ 4 ሰዓት ንቅንቅ ያላለ የ10 ዓመት ልጅ ያየ ይንገረኝ።

እኔን ያሳዘነኝ የኳሱ ነገር ነው። የተከለከለው እኮ የሚጠቅመው ነበር። ታይዋን ውስጥ የተማሪዎች የሩቅ እይታ ለዓመታት እየደከመ ሄዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ልጆች በየቀኑ 120 ደቂቃ ከቤት ውጭ እንዲቆዩ የሚያደርግ መርሐ ግብር በትምህርት ቤቶች ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ችግሩ መቀነስ ጀመረ። ተመራማሪዎች ምክንያቱ ብርሃን ነው ይላሉ። የቀን ብርሃን ሬቲና ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲመነጭ ያደርጋል፤ እሱም የዓይንን መርዘም ሳይገታው አይቀርም። ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው፤ መብራት የበራበት ሳሎን ጥቂት መቶ ሉክስ ቢኖረው ነው፤ ደጅ ግን ጥላ ሥር እንኳ ብዙ ሺህ ይደርሳል። ለቱሪስት «የ13 ወር ፀጋ» እያልን እናስተዋውቀው የነበረውን ፀሐይ ለልጆቻችን ነፈግናቸው። የኮንዶሚኒየሙን ግቢ መኪና ሞልቶታል፤ ልጁ በምን ይጫወት?

አንዲት አያት ይህን ሳጫውታቸው «ምን ላድርግ ልጄ፤ ጉልበቴ እሱን አሯሩጦ አይዝም። እናቱ እስክትመጣ ስልኩን እሰጠዋለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ማሯሯጥ አያስፈልግም። በርጩማውን ደጅ አውጥቶ፣ ሽሮውን እየለቀሙ አጠገብ መቀመጥ በቂ ነው። ልጁ ራሱ ይሯሯጣል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ጭራሽ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ደግሞ ይሻላል ይላል።

ለተማሪዎቹ ከባዱ ቴሌግራም ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቹ ትምህርቱን በዚያ ላኩ፤ የቤት ሥራ በቴሌግራም የመላክ ልማድ በብዙ ቦታ እስካሁን አለ። ስለዚህ «ስልክ የለም» ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ልጁ ለሒሳብ ጥያቄ ብሎ ይከፍተውና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቲክቶክ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሰርቪሱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ሲገባው ይኸኛው 7 ሰዓት እንኳ ሳይተኛ ክፍል ይገባል። መምህርቷ «ይፈዛል» ቢሉ ይገርማል? በእኔ ቤት የሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ጥያቄው ደብተር ላይ ይገለበጣል፤ ስልኩ ወዲያው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ማታ የሁላችንም ስልክ፣ የእኔም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ላይ ያድራል። የመጀመሪያው ሳምንት ኩርፊያ ነበረው፤ ከእኔ ይልቅ ያኮረፈው ግን ባለቤቴ ነው።

ነገ ታክሲ ስትጠብቁ ይህን ሞክሩ። ልጁ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍንና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሱቅ ታፔላ ያንብብ፤ ከዚያ ሌላውን ዓይን ይሸፍን። የእናንተ ዓይን ከደከመ ታላቅ እህቱ ትፈትነው። እሷ የምታነበውን እሱ ካላነበበ፣ ካርድ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት።