ስንጥቁ ታይቶ ነበር

ባልና ሚስት ስለ ገንዘብ ሲወያዩ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት “ስንት ገባ? ስንት ወጣ?” የሚለውን ነው። ዛሬ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ገንዘቡ ሲገባ የተጎዳ ሰው አለ? በተለይ ሱቅ፣ ልብስ ስፌት፣ ምግብ ቤት ወይም ሌላ ድርጅት ያላችሁ ልብ ብላችሁ አንብቡት።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ነበሩ። በዋዜማው ሕንፃው ተሰንጥቆ ታይቷል። በታችኛው ፎቅ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ሰደደ። የልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ታዘዙ። የማይገባ ሰው የወር ደመወዙን እንደሚያጣ ተነግሯቸው እንደ ነበር ከአደጋው የተረፉት ተናግረዋል።

ስንጥቁን ያዩት ብዙዎች ናቸው። “አልገባም” ማለት የቻለው ግን እንጀራው የማይቋረጥበት ሰው ብቻ ነበር። ከፋብሪካዎቹ አንዳንዶቹ ከአደጋው በፊት በተቆጣጣሪዎች ተጎብኝተው ነበር፤ ጉብኝቱ የሕንፃውን ጥንካሬ አልመረመረም። ወረቀቱ ተሟላ፣ ሕይወት ግን አልዳነም።

ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ? በ2013 ከ200 በላይ የሚሆኑ ልብስ ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ ስምምነት መፈረም ጀመሩ። ፋብሪካዎች በመሐንዲስ እንዲመረመሩ፣ ውጤቱም ለሕዝብ እንዲገለጥ፣ ሠራተኛም አደገኛ ሥራን እንቢ እንዲል መብት ተሰጠው። ቃሉን ያልጠበቀም ተጠየቀ፤ በሄግ በሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ከተከሰሱት ኩባንያዎች አንዱ በ2018 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። በጎ ፈቃድ ብቻውን ያላደረገውን ተጠያቂነት አደረገው።

ነገሩ የትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ ነው እንዳትሉ። የተባበሩት መንግሥታት በ2011 ያጸደቀው መመሪያ ሰብዓዊ መብትን የማክበር ኃላፊነት ትንሹንም ትልቁንም ድርጅት እንደሚመለከት ይናገራል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አደጋ መኖሩን አውቆ ሳያስተካክል ከቀረ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅድለታል። ይሁን እንጂ ቤተሰቧን በዚያች ደመወዝ የምታስተዳድር እኅት ይህን መብት ለመጠቀም ስንት ጊዜ ታስባለች? ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት አሠሪው ነው። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ስለ ተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ የሚናገረው ባለጠጎችን ነው እንጂ ሠራተኞቹን አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ባልና ሚስት ሆናችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፦

• ሠራተኞቻችን የሚያዩት፣ እኛ ግን ያለፍነው “ስንጥቅ” አለ? የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተዘጋ መውጫ በር፣ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ሊሆን ይችላል።
• ባለፈው ዓመት ቅሬታ ያቀረበ ሠራተኛ ዛሬም ከእኛ ጋር ይሠራል?
• የገዛነው ዕቃ በጣም የረከሰው ለምንድን ነው? ሻጩን ጠይቀን እናውቃለን?

ሁለተኛውን ጥያቄ ሳትመልሱ አትለፉት። ማንም ቅሬታ አቅርቦ የማያውቅ ከሆነም፣ ምክንያቱ ሰላም ይሁን ፍርሃት በቅንነት መርምሩ።